«ምን ተዋበች» ብቻ? ስለ እቴጌ ምንትዋብ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም «አንቺ የባሕር ዳር ልጅ ነሽ፤ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ይላሉ። ጽሑፉ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ስለነገሡት ስለ እቴጌ ምንትዋብ ነው። ርዝመቱ ያደክማል፤ ሐሳቡ ግን በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ቆንጆ ነበረች፣ ውበቷ ዙፋን ላይ አወጣት፣ ባሏ ሲሞት የልጇን ዘውድ ተጋፋች፣ ውሽማ ያዘች፣ የመንግሥቱን ወርቅ በቤተ ክርስቲያን ጨረሰች፣ በመጨረሻም ዘመነ መሳፍንትን አመጣችብን። ይኸው ነው።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጽሑፉ ውስጥ አፄ በካፋ «መጡ»፣ «ሄዱ»፣ «ፈረዱ» ናቸው። ራስ ሚካኤል ስሑል እንኳ «ዘመቱ» ተብለዋል። ምንትዋብ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሷ» ናት። «አማለለች»፣ «አባከነች»፣ «ቀማች»። ዘውድ የጫነች ሴት አንቱታ ተነፍጓት ባሏና የልጅ ልጇን ያስገደሉት ራስ አንቱ ሲባሉ ማየት ያስቃል። ያናድዳልም። ስለዚህ እኔ እቴጌዋን አንቱ እያልኩ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ጽሑፉም የተጠቀመው እነሱን ነው።

ከውበቱ ልጀምር።

ጸሐፊው የታወቀውን ተረት ነው ያመጡት። አፄ በካፋ ሰው ሳያውቃቸው አገር ለአገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ። አንድ ቤት አስገቧቸው። የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው። ሲድኑ አገቧት። እኔም ተረቱን እወደዋለሁ፤ እናቴ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። «ምንትዋብ» የሚለውን ስም ሰው ሲፈታው «ምን ተዋበች!» እንደማለት ነው ይላል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው።

ችግሩ ጸሐፊው ተረቱን ይዘው «ከድሃ ጎጆ በመልኳ ብቻ የወጣች ልጅ» ማለታቸው ነው። ምንትዋብ በእናታቸው በወይዘሮ እንኮዬ በኩል ትውልዳቸውን ከአፄ ሚናስ ይቆጥሩ ነበር። የባላባት ልጅ ናቸው። ቋራ ደግሞ ከጎንደር ቢርቅም ጦር ያለው፣ ዘመድ ያለው አገር ነው። በካፋ መልክ ብቻ አላገቡም፤ ከመልኩ ጋር ቋራንም አገቡ። ይሄ ቋራ የሚባል ነገር በኋላ ግቢውን ይሞላዋል፤ እመለስበታለሁ።

ደግሞስ ከበካፋ ጋር መኖር ቀላል ነበር እንዴ? ንጉሡ ሰው የማያምኑ ሰው ነበሩ። አንዴ የሞቱ መስለው ተደብቀው ማን ምን እንደሚያደርግ አዩ ይባላል። በእንዲህ ያለ ሰው ቤት ከ1722 እስከ 1730 ስምንት ዓመት ሳይጠረጠሩ መኖር በመልክ አይሆንም። መልክማ በሁለተኛው ዓመት ይለመዳል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። «የልጇን ዘውድ ተጋፋች።»

በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ምንትዋብ ሃያ አራት ዓመት ገደማ ናቸው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም ብለው «እናት ብትሆን ልጇን አንግሣ ዞር ትል ነበር» ይላሉ። ይሄን ሳነብ ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። እኔም የሰባት ዓመት ልጅ አለኝ። የጫማውን ክር ራሱ ማሰር አይችልም።

የዚያን ጊዜ ወግ ምን እንደሆነ ጽሑፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በጎንደር ዘመን የንጉሥ ዘር የሆነ ወንድ ሁሉ ወህኒ አምባ ላይ ይታሰር ነበር። ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ዛሬ «ወህኒ ቤት» ስንል ከዚያ ተራራ የተረፈንን ስም ነው የምንጠራው። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከዚያ አንዱን አውርደው ያነግሣሉ፤ ሌሎቹ እዚያው ያረጃሉ። በካፋ ራሳቸው ከዚያ ነው የመጡት። እንግዲህ አስቡት። ተራራው ላይ ጺም ያወጡ፣ ተራ የሚጠብቁ የንጉሥ ልጆች አሉ። ከታች ደግሞ የሰባት ዓመት ሕፃን ዙፋን ላይ ተቀምጧል። እናቱ ዞር ብትል ልጁ የት ይሄዳል? ቢቀናው ወህኒ፤ ባይቀናው መቃብር።

ምንትዋብ ያደረጉት ይሄ ነው፦ ዘውዱን ራሳቸውም ጫኑ። በዚያው በ1730። ሞግዚት ብቻ ሆኖ መቅረት ይቻል ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ የነገሥታት እናቶች እንዲያ ሆነው ኖረዋል። ግን ዘውድ የሌለው ሞግዚት የሚሰማው መኳንንቱ እስከፈቀዱ ድረስ ነው። ዘውድ የጫነች እቴጌ ግን ትእዛዟ የንጉሥ ትእዛዝ ነው። የዙፋን ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሆነ። የልጁ ብርሃን ሰገድ። ሁለቱም ስም በአንድ ቃል ነው የሚጀምረው። የዘመኑ ዜና መዋዕል ሲተርክም እናትና ልጅን አንድ ላይ ነው የሚያነሣው። ይሄ መግፋት ከሆነ እንዲህ ያለ መግፋት አላየሁም። እኔ የማየው ልጇን ከኋላዋ ደብቃ በር ላይ የቆመች ሴት ነው።

በሩም ተመታ። በ1732 መኳንንቱ ዐመፁ። ሌላ ንጉሥ ሊያነግሡ የጎንደርን ግቢ ከበቡ። እናትና ልጅ ከውስጥ ናቸው። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከበባውን የሰበረው ከጎጃም የደረሰላቸው ጦር ነው። ጸሐፊው ይሄን ዓመት ጭራሽ ዘለሉት። አንዲት ሴት ሥልጣን ወደደች ለማለት ሲፈለግ፣ ሥልጣኑን ለምን እንደፈለገችው የሚያሳየው ቀን መዘለል አለበት መሰለኝ።

እንዲያም ሆኖ ጸሐፊው የሚሉት እውነት አለበት። ኢያሱ አድገው ጎልማሳ ሆኑ። ሚስት አገቡ፣ ልጅ ወለዱ። እናታቸው ግን መሪውን አልለቀቁም። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆነው አገሩን ይይዛሉ፤ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ የአክስቱ ልጅ ሁሉ ሹመት በሹመት ሆነ። ዘመድ በዘመድ ማለት ይሄ ነው፤ እመለስበታለሁ ያልኩት ቋራም ይሄው ነው። ንጉሡ ወደ አደን አዘነበሉ። እናት ልጇን ከሞት ስታድን ልጅ ማደጉን ትረሳለች። እኛም ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሞልቶት እናቱ ካልሲውን የምትመርጥለት ሰው አለ። የምንትዋብ ካልሲ ግን መንግሥት ነበር።

ስለ ውሽማው።

ሰውየው ግራዝማች ኢያሱ ናቸው። የአፄ በካፋ የእህት ልጅ። ከእቴጌዋም በዕድሜ ያንሳሉ። ሰው ምልምል ኢያሱ አላቸው፤ ተመርጦ የተያዘ እንደማለት ነው። የአገራችን ሰው በቅጽል ስም አይታማም። ከእሳቸው ሦስት ሴቶች ልጆች ተወለዱ። አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ።

ጸሐፊው ይሄን ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፉበት። እኔ ብዙ አልልም። ሃያ አራት ዓመት ላይ ባል የሞተባት ሴት ናቸው። ዕቁባት ያልነበረው የጎንደር ንጉሥ ፈልጉና ጥሩኝ። የእነሱን ማን ሦስት ገጽ ጻፈበት?

ታሪኩ የሚያሳዝነው ሌላ ጋ ነው። ምልምል ኢያሱ በ1742 ሞቱ። ጣና አጠገብ ከገደል ተገፍተው ነው ይባላል። ያስገፉት ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው ተብሎ ታምቷል። ልጅየው። እናቱ ከወህኒ ያዳኑት ልጅ። እንግዲህ እቴጌዋን አስቡ። የሦስት ልጆቻቸው አባት ሞቷል። አስገደለ የሚባለው የበኩር ልጃቸው ነው። ጸሐፊው «ቅሌት» ብለው ያለፉት ቤት ውስጥ ይሄ ነበር። ምንትዋብ ከልጃቸው ተለያዩ? አልተለያዩም። ዘውዱን አስወለቁት? አላስወለቁም። አሥራ ሦስት ዓመት፣ ንጉሡ እስኪሞቱ ድረስ፣ አብረው ገዙ። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር።

ወደ ወርቁ ልሂድ። ከዚያ በፊት ግን አንድ እርማት። ጽሑፉ «ዘጌ ላይ ያሠራችው ናርጋ ሥላሴ» ይላል። ናርጋ ዘጌ ላይ አይደለም። ዘጌ ከባሕር ዳር ማዶ የሚታየው ባለ ቡናው ምድር ነው፤ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉበት። ናርጋ ያለው ደቅ ደሴት ላይ ነው። ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጸሐፊው ያላዩትን ቤት ነው የተቹት ማለት ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ጽሑፉን ሁለተኛ ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ክሱ «ለከንቱ ውዳሴ ቤተ ክርስቲያን ሠራች፤ ናርጋ ግድግዳ ላይ ሳይቀር የራሷን ፎቶ አስለጠፈች» ነው።

ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ከእናቴና ከሁለት የአጎቶቼ ልጆች ጋር ነው የሄድነው። መጀመሪያ ዳጋ እስጢፋኖስ ደረስን። ዳጋ ከደቅ አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ አፄ ፋሲል አጽም ያለው እዚያ ነው። ሴት አይወጣም። ወንዶቹ ዳገቱን ወጡ። እኔና እናቴ ታች ቀረን። ባለ ጀልባው ሙዝ ሰጠን። እናቴ «ምን ይደረግ፣ ሥርዓት ነው» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወደ ተራራው ተሳለመች። እኔ ሙዜን ላጥሁ። ከዚያ ናርጋ ሄድን። እዚህ ሁላችንም ገባን።

ናርጋ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እቴጌዋ ከእመቤታችን እግር ሥር አሉ። ያማረ ልብስ ለብሰዋል፤ ግን ተደፍተዋል። ግንባራቸው ወደ መሬት ነው። ከላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። እናቴ ከሥዕሉ ሥር ብዙ ቆመች። አሳዩን የነበሩትን ካህን «አባ፣ እኚህ ናቸው?» አለቻቸው። «አዎ የኔ ልጅ፣ ያሠሩት እሳቸው ናቸው» አሏት። እናቴ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የኔ ልጅ ሲሏት ደስ አላት። ወደኔ ዞራ «ባለ ልጇን ነው የምትለምን» አለችኝ።

ይሄ «ፎቶ» አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ወይም ያሣለ ሰው ከሥዕሉ ሥር ተደፍቶ መሣሉ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ነገሥታት ተሥለዋል፣ መኳንንት ተሥለዋል። «እንዲህ ተማፀነ» ተብሎ ይጻፍበታል። ወንዶቹ ሲሣሉ ተማፀኑ፣ ምንትዋብ ሲሣሉ ተነሡ?

የናርጋን በር ላይ ደግሞ አስጎብኚዎች አንድ የተቀረጸ ፈረንጅ ያሳያሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል። ቱሪስት ከእቴጌዋ ይልቅ እሱን ያነሣል። እናቴ ግን ዞራም አላየችው።

ብክነቱን በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ። ግንባታው ብዙ ነበር። ናርጋ አለ። ጎንደር ከከተማው ወጣ ብሎ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከነቤተ መንግሥቱ አለ። ፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግንብ አለ። ግምጃ ቤቱም በኢያሱ ዘመን ተራቁቷል፤ ጳጳስ ከግብፅ ለማስመጣት እንኳ ገንዘብ ቸግሮ ነበር። ግን ሁሉም በእናት ነው እንዴ የወጣው? ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ከሰምርኔስ በመጡ ግሪኮች በዝሆን ጥርስና በመስታወት አስጌጡ። በ1744 ደግሞ ሱዳን ድረስ ስናር ላይ ዘምተው ተሸነፉ። ነገሥታቱ ለጦርነት ይዘውት የሚወጡት ኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ሳይቀር ተማረከ። በወርቅ ተዋጅቶ ነው የተመለሰው። ጸሐፊው ይሄን «የወጣት ንጉሥ ጀብዱ» ይሉታል። ወንድ ልጅ ወርቁን ጦርነት ላይ ቢያፈሰው ጀብዱ፣ እናቱ ግንብ ብትገነባበት ብክነት። ግንቡ ቢያንስ እስከ ዛሬ አለ፤ ይጎበኛል።

የመጨረሻው ክስ ከባዱ ነው። ዘመነ መሳፍንትን ያመጡት ምንትዋብ ናቸው የሚለው።

እዚህ ላይ ሙሉ ጠበቃ አልሆንም። እቴጌዋ ለልጃቸው ሚስት ሲፈልጉ ዓይናቸው ከጎንደር አልፎ ሄደ። ውቢት የሚባሉ የኦሮሞ ባላባት ልጅ አመጡ። የክርስትና ስማቸው ቤርሳቤህ ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ በጋብቻ ወዳጅ ማብዛት ነው። ዮአስ ተወለዱ። ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ ዮአስ ገና ልጅ ነበሩ። ምንትዋብ ለሁለተኛ ጊዜ ከሕፃን ንጉሥ አጠገብ ተቀመጡ፤ አሁን እንደ አያት።

ብልሃቱ በአንደኛው ጊዜ ሠርቶ ነበር። በሁለተኛው አልሠራም። ምክንያቱም አሁን ግቢው ውስጥ ሌላም እናት አለች። ውቢትም ልጃቸው ነው የነገሠው። እሳቸውም ወንድሞች አሏቸው። ምንትዋብ በ1730 ያደረጉትን ውቢት በ1755 ለማድረግ ፈለጉ። የቋራ ዘመድ በአንድ ወገን፣ የውቢት ዘመድ በሌላ ወገን ሹመት ላይ ተናከሱ። የበጌምድሩ ገዢ ማርያም ባርያው የአስቴር ባል፣ የምንትዋብ አማች ነበሩ። ዮአስ በእሳቸው ቦታ የእናታቸውን ወንድም ሊሾሙ ሞከሩ። ተዋጉ፤ የንጉሡ አጎት ሞቱ። ዮአስም አጎታቸውን እንዲበቀሉላቸው የትግሬውን ራስ ሚካኤልን ተማመኑ።

ራስ ሚካኤል ማርያም ባርያውን አስወገዱ። ከዚያ በ1769 ንጉሡንም አስገደሉ። መበለቲቱን አስቴርን ደግሞ አገቡ።

ስለዚህ ምንትዋብ ዘመዶቻቸውን አለቅጥ ሾመዋል ወይ? አዎ። ለምራታቸው ቦታ መልቀቅ አቅቷቸው ነበር ወይ? ይመስለኛል። አማትና ምራት በአንድ ምድጃ ሲኖሩ ምን እንደሚሆን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት የለብኝም። ግን ራስ ሚካኤልን በር ከፍተው ያስገቡት ማን ናቸው? ዮአስ። በንጉሥ አንገት ላይ ሻሽ ያስጠመጠሙት ማን ናቸው? ራስ ሚካኤል። ጸሐፊው የሰማንያ ስድስት ዓመት ጦርነትን ለአንዲት አያት ሰጥተው፣ ንጉሥ ያስገደሉትን ሰውዬ «ቆራጥ» ብለው አለፉ። ይሄ አልተዋጠልኝም።

ከዮአስ በኋላ እቴጌዋ ቁስቋም ገቡ። ጎንደር ቤተ መንግሥት አልተመለሱም። ብሩስ በ1770 ሲመጣ ያገኛቸው እዚያው ነው። ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ ሐኪም ነው ስለተባለ የቤቱን ልጆች እንዲያክም አስገቡት። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ስልሳዎቹ ውስጥ ሆነው፣ አሁንም የልጅ ልጅ አልጋ አጠገብ ነበሩ ማለት ነው። በ1773 አረፉ።

ቁስቋምን ድርቡሽ በ1888 አቃጠለው። አጽማቸው ግን ተርፏል። ባለ መስታወት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ከልጃቸው ከኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከዮአስ ጋር።

ጸሐፊው ይሄን ካነበቡ ባሕር ዳር ብቅ ይበሉ። ደቅ ድረስ አብረን እንሄዳለን። ዓሣውን እኔ እጋብዛለሁ፤ ሐሳብዎን ባይቀይሩም ግድ የለም። ያቺን የዘጌዋን መስመር ግን አደራ፣ ዛሬውኑ ያስተካክሉልን።